ሳሙና ያቀላው አልጫ

ነጭ ልብስ ለብሳችሁ አልጫ በልታችሁ ታውቃላችሁ? መቼም ታውቃላችሁ። ታዲያ ከጉርሻው ጠብ ያለች ትንሽ ወጥ ደረታችሁ ላይ አርፋ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠራርጋችኋት፣ ቢጫዋ ደብዘዝ ስትል «ሲታጠብ ይለቃል» ብላችሁ ትታችኋት፣ በኋላ ልብሱን ሳሙና ሲነካው ያቺው ቦታ ድንገት ቀልታባችሁ ታውቃለች? ቢጫ ሳይሆን ቀይ። የደረቀ ደም የመሰለ ቀይ። እኔ መጀመሪያ የደረሰብኝ ተማሪ ሆኜ ሸሚዜን ሳጥብ ነበርና የቆረጠኝ ነገር ያለ መስሎኝ ጣቶቼን አገላብጬ አይቻለሁ። ምንም አልነበረም።

ደርሶባችሁ ከሆነ ያን ጊዜ ማንን እንደወቀሳችሁ አስታውሱ። እኔ የኖርኩበት ግቢ ውስጥ በዚህ ምክንያት አንዲት ሴት ቤቷን ልታጣ ደርሳ ነበር።

የማስተምረው አዳማ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል፣ አጠቃላይ ሳይንስ። ፈረቃዬ የከሰዓት ስለሆነ ተማሪዎቼ የሚገቡት ቆርቆሮው በደንብ ከጋለ በኋላ ነው። ጠዋቱን ሲላላኩ ወይም ሱቅ ሲጠብቁ አርፍደው፣ ምሳቸውን በጥድፊያ በልተው፣ ዓይናቸው በግማሽ ተከፍቶ ይቀመጣሉ። መስኮት ከተከፈተ ነፋሱ አቧራውን ይዞ ይገባል፤ ከተዘጋ ሙቀቱ አያስቀምጥም። መስኮቱ ሲከፈትና ሲዘጋ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። እኔ ደግሞ ማስረዳት የምወድ ሰው ነኝ። ቅደም ተከተል ደስ ይለኛል፤ ሰሌዳውን በመስመር ለሁለት ከፍዬ፣ ርዕሱን አስምሬ፣ ባለቀለም ጠመኔ ለይቼ ነው የምጀምረው። ሥራ ስጀምር ይህ ሁሉ ያበረታኝ ነበር። አሁን አሁን ግን ከክፍል ስወጣ ጉሮሮዬ ይደርቃል፣ መዳፌ ጠመኔ እንደጠጣ ይቀራል፣ «ዛሬ ማን ምን ያዘ?» ብዬ ራሴን ስጠይቅ ጥያቄው ራሱ ያደክመኛል።

ያን ሳምንት የደረስነው አሲድና ቤዝ ላይ ነበር። ይህን ትምህርት ከሌላው ሁሉ አብልጬ የምወደው ዕቃው ቤታችን ስላለ ነው። ሎሚ አሲድ አለው፤ ሰላጣ ላይ የምናደርገው አቼቶም፣ የቆየ እርጎም እንደዚያው። ሁሉም ይኮመጥጣሉ። ጨጓራችን ውስጥ ያለው ከእነዚህ የበረታ ነው። የባጃጅ ባትሪ ውስጥ ያለውማ ጨርቅ ይበሳል፤ ስለዚህ አሲድን በምላስ እንለያለን ብላችሁ እንዳትሳሳቱ እላቸዋለሁ። ቤዝ በበኩሉ ጣት ላይ ያሟልጫል። ሳሙና፣ የአመድ ውሃ፣ ዳቦ የሚነፋው ሶዳ ከዚህ ወገን ናቸው። ውሃ ውስጥ የሚሟሟውን ቤዝ አልካላይ እንለዋለን። አሲድና አልካላይ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉልበት ይሰብራል፤ በልክ ከተገናኙ የሚተርፈው ጨውና ውሃ ነው።

ችግሩ ዓይን ብቻውን አይለያቸውም። ጠርሙስ ውስጥ ሲቀመጡ ብዙዎቹ ውሃ ነው የሚመስሉት። ስለዚህ ጠቋሚ ያስፈልጋል፤ አሲድ ሲነካው አንድ ቀለም፣ አልካላይ ሲነካው ሌላ ቀለም የሚሆን ነገር ማለት ነው። መጽሐፉ ሊትመስ ወረቀት ተጠቀሙ ይላል። በእኛ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለውን ሊትመስ ግን ዕድሜ በልቶት ቀዩም ሰማያዊውም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኗል። እኔም ከገበያ እርድ ገዛሁ። አዎ፣ አልጫውን ቢጫ የሚያደርገውን እርድ። በፋርማሲ አልኮል በጠበጥኩት፣ ነጭ ወረቀት ነከርኩበት፣ ወረቀቱን በቀጭኑ ቆራርጬ በመስኮቴ ብረት ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልኩት። የመጀመሪያዎቹን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ረስቻቸው ነጡብኝና እንደገና ሠርቼ ጥላ ውስጥ አደረቅኩ።

ስሰቅል ያየችኝ ልብስ አጣቢያችን ባልዲዋን እንደያዘች ቆማ፣ «ቲቸር፣ ወረቀትም ማጠብ ጀመርክ? እንጀራዬን ልትቀማኝ ነው እንዴ?» አለችኝ።

ይህቺ ሴት ከእኔ ትንሽ ትበልጣለች። ባቱ አበባ እርሻ ውስጥ ስትሠራ ቆይታ፣ ያንን ትታ ወደ አዳማ ከመጣች ጀምሮ የምትኖረው ከግቢያችን ጀርባ ባለችው አንዲት ሰርቪስ ውስጥ ነው። ኪራይ አትከፍልም፤ በምትኩ የአከራያችንን ልብስ ታጥባለች፣ ግቢውን ትጠርጋለች። በተረፋት ጊዜ የእኛን የተከራዮቹን ታጥባለች። ሌላ ቤት የላትም፤ ወደ ኋላ የምትመለስበትም የለም።

የግቢው ባለቤት ደግሞ ባላቸው የሞቱባቸው ትልቅ ሴት ናቸው። ሁላችንም «አዴ» እንላቸዋለን፤ በኦሮምኛ የትልቅ ሴት የአክብሮት መጠሪያ ነው። ትውልዳቸው አርሲ ነገሌ አካባቢ ስለሆነ አማርኛቸው ውስጥ ኦሮምኛው ገባ ወጣ ይላል። ንጹሕ፣ ኮስታራ፣ ቶሎ ፊት የማይሰጡ ሰው ናቸው። ሻይ ሲቀዳላቸው «ግማሽ» ይላሉ። ግማሿንም በሁለት እጃቸው ይዘው ነው የሚጠጡት። እኔ የድሮ ሰው ልማድ ይመስለኝ ነበር።

ዓርብ ዕለት የእርድ ወረቀቶቼን ይዤ ክፍል ገባሁ። ለየወንበሩ አንዳንድ ሰጠሁ፤ ሳሙና በብርጭቆ በጥብጬ ይዤ ነበር። ወረቀቱን ገና ከፍ አድርጌ ሳሳያቸው ከኋላ አንዱ፣ «ቲቸር፣ ሽሮ የለም? አልጫ ሰለቸን» አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ዘግይቼ። ወረቀቱ ሳሙናውን ሲነካ የቀላውን ያዩት ከፊት የተቀመጡት ናቸው። ከኋላ ያሉት የሒሳብ የቤት ሥራ ይገለብጡ ነበር። ሎሚውን አውጥቼ ወደ ቢጫ ልመልሰው ስል ደወሉ ተደወለ። ለሳምንት ያሰብኩበት ትምህርት ሎሚው ሳይጨመቅ አለቀ። ሎሚውን ኪሴ ከትቼ በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ፤ ለባጃጅ የሚሆን ትዕግሥት እንኳ አልነበረኝም።

የግቢውን በር ስከፍት አዴ መሐል ግቢ ቆመው ነበር። በእጃቸው ነጭ ቀሚሳቸው አለ፣ ውሃው ገና ያልተንጠፈጠፈ። ያ ቀሚስ የክብር ልብሳቸው ነው። ባለፈው ሳምንት ነገሌ ወንድማቸው ቤት የቀለበት ግብዣ ላይ ለብሰውት ሄደው ነበር። ሠርጉ ደግሞ እሑድ እዚሁ አዳማ ስለሆነ እንደገና ሊለብሱት ነው። ደረቱ ላይ የእንቁላል ያህል ቀይ ነገር ተንጣሎበታል። ልብስ አጣቢዋ ሳፋው አጠገብ ቆማለች። ገመዱ ላይ፣ ቀሚሱ ከተነሳበት ባዶ ቦታ ጎን፣ የእኔ ቀይ ቲሸርት ተሰቅሏል።

«ና እስቲ አስተማሪው» አሉኝ አዴ። «ይኼ ቀይ ያንተ ነው?»

«የእኔ ነው፣ አዴ።»

«ልብስህ ልብሴን በላው።»

ልብስ አጣቢዋ በተለያየ ሳፋ ነው ያጠብኩት ብላ ማለች። አዴ አልሰሟትም። ቧንቧ ከጠፋ ሰንብቶ ነበርና ውሃ በጋሪ በጄሪካን ነበር የሚመጣው፤ ውሃ ለመቆጠብ ሁለቱን አንድ ላይ ዘፍዝፈሻል አሏት። እሷ ቀዩን መጀመሪያ ስታየው ደንግጣ ሳሙና ጨምራ እንዳሸችው፣ ባሸችው ቁጥር ይበልጥ እንደቀላ፣ ውሃው ስላነሳት በደንብ ሳታለቀልቀው እንደሰቀለችው ለማስረዳት ሞከረች። ይህን ሁሉ የምትናገረው ራሷን ለማዳን ነው፤ ግን እያንዳንዱ ቃል የበለጠ ጥፋተኛ አስመሰላት። አዴ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ነው የሚቆጡት።

«ሰኞ ዕቃሽን ይዘሽ ትወጫለሽ» አሏት።

እኔ ቀዩን አንዴ ሳየው ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ከሰዓት ሙሉ ክፍል ውስጥ ላሳይ ስለፋ የዋልኩበት ቀለም ነው። ድካሜን ረሳሁት። «አዴ፣ ይስሙኝ» አልኩ፣ «ይኼ የልብስ ቀለም አይደለም። ሳሙናው ነው ያቀላው፤ መጀመሪያ የነበረው...»

«ሳሙና ነጭ ያቀላል?» አሉኝ። «ይኼን ነው ልጆቹን የምታስተምራቸው?»

ልቀጥል ስል ልብስ አጣቢዋ ከኋላቸው ሆና ራሷን ነቀነቀችብኝ። «ተው» ማለቷ ነው። ምክንያቱ አልገባኝም፤ ግን ተውኩት። አዴ ቀሚሱን ሳፋው ላይ ትተውት ገቡ።

ገና ሳይጨልም በሬን አንኳኳች። ምን ልትላቸው ነበር አለችኝ። እኔም የክፍሉን ትምህርት ከመጀመሪያው ጀመርኩላት። እርድ ውስጥ ያለው ቀለም ጠቋሚ ነው አልኳት፤ ከአሲድ ጋርም፣ እንዲሁ ከውሃ ጋርም ቢጫ ነው። አልካላይ ሲያገኘው ግን ይቀላል፤ ሳሙና አልካላይ ነው። ሳሙና ስትጨምሪበት የቀላው ለዚህ ነው፤ ውሃ ቢኖርሽና ደጋግመሽ ብታለቀልቂው ኖሮ ሳሙናው ሲወጣ ቀዩም አብሮት በለቀቀ፣ ቢጫው ብቻ በቀረ ነበር። ወረቀቴን አውጥቼ በሳሙና አቀላሁት፣ ኪሴ ውስጥ የዋለውን ሎሚ ጨምቄ ወደ ቢጫ መለስኩት። በሩን ተደግፋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። በዚያ ቀን እስከ መጨረሻው የሰማኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።

ከዚያ፣ «እና አልጫው ከየት መጣ ይሉሃል» አለችኝ።

«ከራሳቸው ነው። ነገሌ ሲበሉ ጠብ ብሎባቸው ይሆናል።»

«እጃቸውን አይተህ አታውቅም?»

አላየሁም ነበር። እሷ ግን ልብሳቸውን ስለምታጥብ ታያለች። ከክረምት ጀምሮ ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ምሳቸውን በር ዘግተው የሚበሉት፣ ሻይ በግማሽ የሚያስቀዱት፣ በሙቀቱም ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ የሚደርቡት ለዚያ ነው። በየሳምንቱ ደረቱ ላይ ወጥ ያለበት ልብስ ይሰጧታል፤ እሷም ያየችውን ሳትናገር አጥባ ትመልሳለች። ማንም አላወቀብኝም ብለው ያስባሉ። ለወንድማቸውም አልነገሩም። በቀለበቱ ቀን ግን ግብዣ ላይ ተቀምጠው፣ ሰው እያያቸው፣ በዚያ እጃቸው መብላት ነበረባቸው።

«ቀይ ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለችኝ። «ቢጫ ከሆነ የእጃቸው ነው። አንተ በተከራዮች ፊት ቆመህ አልጫ ነው ትላቸዋለህ፤ አንተ ልክ ትሆናለህ፣ እኔ ግን እንደገና ፊታቸውን አላይም። እባክህ አታስረዳልኝ። ነጭ ብቻ አድርግልኝ።»

ስትሄድ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ብዙ አሰብኩ። ሎሚው ቀዩን ያጠፋዋል፤ ግን ወደ ነጭ አይደለም የሚመልሰው፣ ወደ ቢጫ ነው። የእኔ ኬሚስትሪ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ጥፋቱን ከአንዷ ሴት አንስቶ ወደ ሌላዋ ደረት ማዞር ነው። ደክሞኝ ነበር። ትክክለኛ መልስ እያለህ መልሱ ማንንም የማይጠቅም ሲሆን የሚመጣ ድካም አለ፤ ከቆሞ መዋል ድካም የተለየ ነው። ዓይኔ መስኮቱ ላይ ሲያርፍ ፀሐይ ላይ ረስቻቸው የነጡት የመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች አሁንም እዚያው ተሰቅለዋል። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። የእርድን ቀለም ፀሐይ ይሰብረዋል። ሎሚ ወደ ቢጫ፣ ፀሐይ ወደ ነጭ። ፀሐይ ደግሞ አዳማ ላይ የማይጠፋ አንድ ነገር ነው። የሚያስፈልገን ቀሚሱ ቢጫ ሆኖ በሚቆይባቸው ጥቂት ሰዓታት ውስጥ አዴ እንዳያዩት ማድረግ ነበር።

ግን አዴ ከሁላችንም በፊት የሚነሱ ሰው ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ስወጣ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። «አካም ቡልቴ» አሉኝ፤ ደህና አደርክ ወይ ማለታቸው ነው፣ ፊታቸው ግን ደህና አላደረም። ልብስ አጣቢዋ ቀሚሱን ከሳፋው አወጣች። ቀዩ ሌሊቱን ጠየም ብሎ አድሯል እንጂ አልለቀቀም።

«አዴ፣ ሎሚ ልሞክርበት?» አልኳቸው።

«ሞክር። ከዚህ በላይ ምን ይሆናል?»

ተነስተው ይገባሉ ብዬ ነበር። አልተነሱም። ልብስ አጣቢዋን አየኋት፤ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ሌላ መንገድ ስላልነበረ ሌላ ሎሚ ቆርጬ የቀዩ ጠርዝ ላይ ጨመቅኩ። ጠብታው ያረፈበት ወዲያው ቀዩ ሸሸ፣ ቢጫው ብቅ አለ። ክፍል ውስጥ ቢሆን «አያችሁ?» የምልበት ሰዓት ነው።  

አዴ ቀሚሱን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ያን ጊዜ አየሁ፤ ቶሎ ብለው ነጠላቸው ሥር ከተቱት።

«ሎሚው ነው ቢጫ ያደረገው?» አሉኝ።

ቀና ብለው ዓይን ዓይኔን ነበር የሚያዩት። አዎ ብላቸው ነገሩ እዚያ ያልቃል። ግን አዎ ማለት ውሸት ነው። አልጫ ነው ማለት ደግሞ ሴትየዋ አታድርግ ያለችኝ ነገር ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳስረዳ የኖርኩት ሰው አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ለማግኘት ያን ያህል የተቸገርኩበትን ቀን አላስታውስም።

«ሎሚው ወደ ነበረበት መለሰው፣ አዴ» አልኳቸው።

 ልብስ አጣቢዋ ጎንበስ ብላ የሌለ ነገር ከሳፋው ታነሳለች። አዴ ጣታቸውን ቢጫዋ ላይ አድርገው ቆዩና ወደ እኔ ሳያዩ፣ «እኛ አገር ሳሙና ሳይኖር በሆራ ውሃ እናጥብ ነበር» አሉ። ሆራ እንግዲህ ከብት የሚነዳበት፣ ጨው ጨው የሚል ውሃ ነው። በእነ አዴ አገር በኩል ካሉት ሐይቆች አንዳንዶቹ ሶዳቸው ብዙ ስለሆነ እጅ ላይ ልክ እንደ ሳሙና ያሟልጫሉ። እኔም እሱ ነው አዴ፣ ሆራም ሳሙናም አንድ ወገን ናቸው አልኳቸው።

«ታዲያ ያኔም ይቀላ ነበር» አሉ። «እናቴ "ልብሱ ተቆጣ" ትል ነበር። ማን እንዳፈሰሰ ስለሚያሳብቅ እኛ ልጆቹ ተቆጣ ሲባል እንሸሽ ነበር።»

ፈገግ ሊሉ ነበር፤ ግን ፊታቸው መሐል ላይ ተወው። ከዚያ፣ «ሎሚውን አምጣ» አሉኝ።

እጃቸውን ከነጠላው ሥር አወጡት። ቀኙን። ሎሚውን ይዘው ሲጨምቁ ጠብታው ደረጃው ላይ፣ ጉልበታቸው ላይ፣ ጫማዬ ላይ ይረጭ ጀመር። እኔ ልቀበላቸው እጄን ዘርግቼ ነበር፤ ልብስ አጣቢዋ ግን ቀድማኝ ቀሚሱን በሁለት እጇ ወጥራ ከእጃቸው ሥር ያዘችው። እጃቸው ወደ ግራ ሲሄድ ጨርቁን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲሄድ ወደ ቀኝ ታስከትለዋለች። ጠብታው እንዲያርፍ የሚፈለግበት ቦታ ራሱ ወደ ጠብታው ይሄድ ነበር። ቀዩ እየሸሸ እየሸሸ አለቀ።

«ይብቃ፣ አዴ» አለቻቸው።

«አልጫ ነው» አሉ አዴ፣ በዝግታ፣ ለእሷ ብቻ።

«አውቃለሁ፣ አዴ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ቀሚሱን አጥፋ ክንዷ ላይ አደረገችው። እሳቸውም ደግመው አልጠየቋት። ለክፉ ቀን ከድነው ያስቀመጡትን በርሜል ክፈቺው አሏትና በዚያ ውሃ ቀሚሱን ደጋግማ አለቀለቀችው። ከዚያ ፀሐይ ላይ አሰጣነው። እኔ ቅዳሜን የፈተና ወረቀት ላርም አስቤ ነበር፤ ቀኑን ግን ጥላና ፀሐይ እያየሁ፣ ገመዱ ላይ ቀሚሱን ወደ ብርሃኑ እያዞርኩ ዋልኩ። በሥራዬ እንደዚያ ቀን ተስማምቼ የደከምኩበት ጊዜ ጥቂት ነው። ቢጫዋ እየሳሳች ሄዳ ከሰዓት በኋላ፣ ቦታዋን የማያውቅ ሰው የማያገኛት ሆነች። የሚያውቅ ግን ያገኛታል። እኔ ዛሬም አገኛታለሁ።

እሑድ አዴ ቀሚሱን ለብሰው ሄዱ። ሠርጉ ላይ እንዴት እንደበሉ አላውቅም፤ አልጠየቅኩም።

ሰኞ ጠዋት ሰርቪሷን አየሁ። በሩ ክፍት ነው፣ ዕቃው እንዳለ ነው፣ ፍራሹ ለፀሐይ ወጥቷል። ለጊዜው የምትወጣ መሰለኝ፤ ፍራሹን የምታናፍስበት ቀን መሆኑን ረስቼ ነበር። ስለ መውጣት የተነሳ ነገር የለም። አዴ «ቅሪ» አላሏትም፤ እሷም «ልቅር ወይ» አላለችም። አዴ የሳምንቱን ልብስ ይዘው መጡ። ሌላ ጊዜ ጠቅልለው ሳፋው ላይ ጥለውት ነበር የሚሄዱት። ያን ቀን አንዷን ቀሚስ ከመሐል አውጥተው ዘረጉትና፣ «ይኸው እዚህ ጋ፣ ደረቱ ላይ» አሏት። «ስታጥቢው ይቆጣል፤ እንዳትደነግጪ።»

ከሰዓት ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ቆርቆሮው ግሏል፣ መስኮቱ ይከፈታል ይዘጋል። ሌላ ሎሚ አውጥቼ ዓርብ ያቀላሁትን ወረቀት ወደ ቢጫ መለስኩላቸው። የፊተኞቹ አዩ። የኋለኞቹ የሌላ የቤት ሥራ ይገለብጡ ነበር። አንዲት ልጅ ብቻ፣ «ቲቸር፣ ቢጫው ቀድሞም ነበረ ማለት ነው?» አለችኝ። ነበረ አልኳት። ሰሌዳውን ጠርጌ ወጣሁ።

እናንተ ግን ቤታችሁ ሞክሩት። አሮጌ ነጭ ጨርቅ ፈልጉ። ትንሽ አልጫ ጠብ አድርጉበትና እስኪደርቅ ተዉት። ሳሙና እሹበት፤ ሲቀላ ታያላችሁ። ከዚያ ሎሚ ጨምቁበት፣ ወደ ቢጫ ሲመለስ ጠብቁ፣ በብዙ ውሃ አለቅልቃችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት። ብቻችሁን ግን አትሞክሩት፤ ልብሳችሁን የሚያጥብላችሁ ሰው ካለ ጥሩት፣ ጨርቁን እሱ ይያዘው። ሎሚውን የሚጨምቀው ደግሞ ልብሱን የለበሰው ይሁን።